«ሞኝ» ስንል የምንከሰው ማንን ነው?

ገንዘብ በአጭር ጊዜ አባዝቶ እንደሚመልስ ቃል የገባ ድርጅት በፈረሰ ቁጥር፣ የአደባባዩ ወሬ ከአጭበርባሪው ይልቅ በተጭበረበሩት ላይ ይበረታል። አንዱ «ሞኞች ናቸው» ይላል፤ ሌላው «ምን ያድርጉ፣ የዋሆች ናቸው» ብሎ ያዝናል፤ ሦስተኛው «ደደብ ካልሆነ ይህን ማን ያምናል?» ሲል ይፈርዳል፤ አራተኛው ደግሞ «ግዴለሽነት ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ተከራካሪዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል፤ የተጠቀሙባቸው ቃላት ግን አራት የተለያዩ ክሶች ናቸው። የመጀመሪያው ጥቅምና ጉዳትን አለማመዛዘንን፣ ሁለተኛው ከልክ ያለፈ እምነትን፣ ሦስተኛው የአእምሮ ዐቅም ማነስን፣ አራተኛው ጥንቃቄ ማጣትን ይናገራል። ክሱ ሲለያይ ተወቃሹም፣ የወቀሳው መጠንም፣ መፍትሔውም ይለያያል። እንዲህ ያለው ክርክር መቋጫ የሚያጣው በአብዛኛው ቃላቱ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ነው።

ፍቺው ክብ ሲሠራ

መዝገበ ቃላት እነዚህን ቃላት ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው ይፈታሉ፤ ሞኝን የፈለገ ወደ ቂል፣ ቂልን የፈለገ ወደ ጅል ይመራና ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ይደርሳል። ልዩነታቸውን ለማየት የተሻለው መንገድ አንዱን በሌላው ቦታ ተክቶ ጆሮ የቱን እንደሚቀበልና የቱን እንደሚመልስ መመልከት ነው። «ቂል አይሙት እንዲያጫውት» በሚለው አባባል ውስጥ በቂል ፈንታ «ደደብ» ቢገባ የአባባሉ ለዛ ወዲያው ይጠፋል፤ ምክንያቱም ቂል የሚያስቅ፣ በሰው መካከል ቦታ ያለው፣ ጉዳቱም ከራሱ እምብዛም የማያልፍ ሰው ነው። ጅል ወደ ልጅነት ያደላል፤ ዕድሜው ከሚጠይቀው ማስተዋል ወደ ኋላ የቀረን ሰው ይገልጻል። ነፈዝና ደነዝ የሚመለከቱት የመረዳትን ፍጥነት ነው። ደነዝ ለማይቆርጥ ቢላዋም የሚነገር ቃል ስለሆነ ምስሉ ግልጽ ነው፦ ብረቱ አለ፣ ስለቱ ግን የለም። ተላላ ቶሎ አምኖ ቶሎ የሚታለለው ሰው ነው፤ ገራገር ደግሞ ተንኮል ባለማወቁ የሚወቀስም የሚወደድም ነው።

ሞኝ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ሌላ ሰው የሚያስፈልገው በመሆኑ ነው። ይህን ግሡ በደንብ ያሳያል። «አሞኘው» ስንል አታለለው፣ ለጊዜው ጥቅሙን አሳጣው ማለታችን ነው፤ ሰውየው ነገ ሊነቃ ይችላል። «አደደበው» ስንል ግን ማሰቢያውን አበላሸበት፣ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አይሆንም ማለታችን ነው። ስለዚህ ሞኝነት በሁለት ሰዎች መካከል የሚፈጠር ሁኔታ ሲሆን፣ ድድብና ግን በአንድ ሰው ውስጥ ያለ ነገር ሆኖ ይቀርባል። አንድን የተታለለ ሰው «ደደብ» ያለ ሰው፣ ሳያስበው አታላዩን ከአረፍተ ነገሩ አስወጥቶታል።

ቦታቸውን የለቀቁ ቃላት

ለግራ መጋባቱ ሌላው ምክንያት ቃላቱ ከዘመን ዘመን ትርጉም መቀየራቸው ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በመዝሙረ ዳዊት «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ይላል። የዛሬ አንባቢ «ሰነፍ» ሲል ሥራ የሚጠላውን ስለሚያስብ፣ ጥቅሱ ስለ ሥራ ፈትነት የሚናገር ሊመስለው ይችላል። በግእዙ እዚያው ቦታ ላይ ያለው ቃል «አብድ» ነው፤ ትርጉሙም ማስተዋል የጎደለው ማለት ነው። ይኸው ቃል አማርኛ ውስጥ «እብድ» ሆኖ አእምሮው የታወከውን ሰው ወደ መግለጽ ተሻግሯል። የማቴዎስ ወንጌል አሥር ቆነጃጅት ታሪክም አምስቱን «ሰነፎች»፣ አምስቱን «ልባሞች» ይላቸዋል። እንቅልፉ ሁሉንም ይዟቸዋል፤ የሰነፎቹ ጥፋት ተጨማሪ ዘይት ሳይዙ መውጣታቸው ነበር። የተወቀሱት በስንፍና ከመሰለን ታሪኩ አይገጥምም፤ ነገን አለማሰባቸው መሆኑን ስናውቅ ግን ይገጥማል።

የ«ሰነፍ» አሮጌ ትርጉም ሙሉ በሙሉ አልሞተም። «ሰነፍ ተማሪ» የሚለውን አነጋገር እንመልከት። ልጁ አያጠናም ማለት ነው ወይስ አይገባውም? ተናጋሪው ራሱ ቢጠየቅ ሁልጊዜ መልስ አይኖረውም፤ ተቃራኒው «ጎበዝ»ም ትጉህንና ብሩህን አንድ ላይ ይጠቀልላል። እዚህ ላይ የቃሉ ብዥታ ጉዳት አለው። ለማይሠራ ልጅ የሚያስፈልገው ተግሣጽ ወይም ማበረታቻ ነው፤ ለማይገባው ልጅ ደግሞ ሌላ የማስተማሪያ ዘዴ፣ ምናልባትም የዐይን ወይም የጆሮ ምርመራ ነው። ለሁለቱም ያው ቃል ሲሰጥ፣ ያልገባው ልጅ ባልሠራው ጥፋት ይወቀሳል።

«ደንቆሮ» ደግሞ የሄደበት መንገድ ይብሳል። መነሻው ጆሮው የማይሰማውን ሰው መግለጫ ሲሆን፣ ከዚያ ምክር የማይሰማውን፣ ቀጥሎም ያልተማረውንና የማያውቀውን ሁሉ መስደቢያ ሆነ። ከላይ የተጠቀሰው የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ «ደንቆሮ» ብሎ ወንድምን መሳደብ ከባድ ፍርድ እንደሚያስከትል ስለሚናገር፣ ቃሉ በጽሑፍም በስድብነቱ ጸንቷል። ዛሬ ጆሮው የማይሰማውን «መስማት የተሳነው» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት ቃሉን ለስድብ ትቶ ወጣ ማለት ይቻላል።

ተቃራኒው ማን ነው?

አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ከማን ጋር እንደሚነጻጸር ማየት ይጠቅማል። ሞኝ ከ«ብልህ» ጋር ሲቆም ጉድለት ነው፤ «ብልህ በሰው ይማራል፣ ሞኝ በራሱ» የሚለው አባባል ይህን ይዟል። ከ«ብልጥ» ወይም ከ«ጮሌ» ጋር ሲቆም ግን ሚዛኑ ይዛባል። ብልጥነት ጥቅምን ማወቅ ነው፤ የሌላውን ጥቅም ማክበርን አይጨምርም። በዚህ ንጽጽር ሞኝ የተባለው ሰው አንዳንዴ ጥፋቱ ወረፋ መጠበቁ፣ ቃሉን ማክበሩ ወይም ያልተጻፈ ውል ማመኑ ብቻ ሆኖ ይገኛል። «ሞኝህን ፈልግ» የሚለው የዕለት ተዕለት መልስም ከዚህ የመጣ ነው፤ ተናጋሪው ሞኝነትን ከማውገዙ ይልቅ አጠገቡ አንድ አዳኝ እንዳለና ታዳኙ እርሱ እንደማይሆን ማስታወቁ ነው።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚለው ምሳሌም በሁለት መንገድ ይነበባል። ሞፈር የሚሆን እንጨት የሚቆረጠው የደጁን ዛፍ ከማይጠብቅ ሰው ግቢ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ንባብ «ንብረትህን ጠብቅ» የሚል ምክር ያወጣበታል። ሌላው ንባብ ግን አረፍተ ነገሩ ቆራጩን እንኳ ሳይጠራ ማለፉን ያስተውላል። «ይቆረጣል» ይላል፤ ማን እንደሚቆርጥ አይናገርም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ንባብ ይመርጣል፤ ምሳሌውን አሁን የምንጠቀምበትን አጋጣሚ ስመለከት ግን ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሳስብ ይመስለኛል።

የ«የዋህ» ጉዞ ደግሞ ከምስጋና ወደ ወቀሳ ነው። «የዋሆች ብፁዓን ናቸው» በሚለው ቃል የዋህነት ምስጋና ነው፤ «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» በሚለው ደግሞ ከልባምነት ጋር አብሮ የሚሄድ ባሕርይ ነው። በዛሬው አነጋገር ግን «የዋህ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ «ሞኝ ነው» የሚለው በጨዋ ልብስ ተሸፍኖ የቀረበበት ነው። ድምፅ ካልተሰማ በቀር ሙገሳ ይሁን ሐዘኔታ መለየት ያስቸግራል። በፍቅር የሚነገረው «ሞኞ» ደግሞ እንዲሁ በድምፅ ብቻ የሚለይ ነው፤ በጽሑፍ መልእክት ሲላክ ስንት ጠብ እንደሚያስነሣ መገመት አያስቸግርም።

ሰዋስው ጥፋትን ሲያከፋፍል

«ሞኝ ነው»፣ «ተሞኘ»፣ «ሞኝነት ሠራ» እና «አሞኙት» የሚሉት አራት አባባሎች አንድ ሥር ቢኖራቸውም አንድ ነገር አይናገሩም። «ሞኝ ነው» ጠባይን ይደነግጋል፤ ትናንትም፣ ነገም እንዲሁ ነው ይላል። «ሞኝነት ሠራ» ድርጊቱን ከሰውየው ይነጥላል፤ አስተዋይ ሰውም አንድ ቀን ሞኝነት ሊሠራ ይችላል። «ተሞኘ» ደግሞ ጉዳቱን ያነሣል፣ አድራጊውን ግን ይደብቃል። «አሞኙት» ብቻ ነው ከሣሽ፣ ተከሳሽና ተጎጂ ያሉበትን ሙሉ ታሪክ የሚናገረው። ዜና ነጋሪው «ብዙዎች ተታለሉ» ብሎ ሲጀምር ጥያቄው ሳይታወቅ «እንዴት ይታለላሉ?» ወደሚል ያመራል፤ «ብዙዎችን አታለሉ» ብሎ ቢጀምር ግን ቀጣዩ ጥያቄ «እነማን? በምን ዘዴ?» ይሆናል። የግሡ ልዩነት የአንድ ፊደል ያህል ነው።

የድርብርቡ ቅርጽም የራሱ ሥራ አለው። ሞኛሞኝ፣ ጅላጅል፣ ቂላቂል ስንል ስለ አንድ ድርጊት መናገራችንን ትተን አኳኋኑን ሁሉ፣ አነጋገሩንና አረማመዱን ጭምር፣ እንደ ማስረጃ እንቆጥራለን። በክርክር ውስጥ ይህ ቅርጽ ብቅ ካለ ጉዳዩ ከድርጊቱ ወደ ሰውየው መዞሩን ማወቅ ይቻላል።

ጥንቃቄ ማጣት ሞኝነት ነው?

አማርኛ ጥንቃቄ ለጎደለው ድርጊት ከሞኝ ቤተሰብ ውጭ የሆኑ ብዙ ቃላት አሉት፤ የሚያሳዝነው በንግግር ውስጥ ቦታቸው እየጠበበ መምጣቱ ነው። ችኩል ጊዜ አይሰጥም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለላት ሴት ነገሩን ታውቀዋለች፣ ፍጥነቷ ብቻ ነው ያጠፋው። ግብታዊ ስሜቱ እንደ ገፋው ይወስናል። እንዝህላል በእጁ ያለውን ነገር ልብ አይለውም። ግዴለሽ፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ ግድ የለውም፤ ማለትም ውጤቱ አያሳስበውም። እነዚህ ሁሉ በጣም ብሩህ በሆነ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። በሙያው የተመሰከረለት ሐኪም የመድኃኒት መጠን ሳያረጋግጥ ቢያዝ እንዝህላል ይባላል እንጂ ሞኝ አይባልም።

ሕጉም ይህን ልዩነት ይዟል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ላይ ቸልተኝነትን በሁለት መልክ ያያል። አንደኛው፣ ድርጊቱ የሚያስቀጣ ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ ሳያመዛዝን ወይም አደጋውን ንቆ የሠራ ሰው ነው። ሁለተኛው፣ ማወቅ ሲገባው ወይም ማወቅ ሲችል ሳያስብ የሠራ ሰው ነው። ሁለቱም የቆሙት ሰውየው ማወቅ ይችል ነበር በሚለው ሐሳብ ላይ ነው፤ ወቀሳ የሚኖረው ማወቅ በሚቻልበት ቦታ ብቻ ነውና።

ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። «ደደብ» ከሁሉም የሚያዋርድ ስድብ ቢሆንም በክስነቱ ግን ከሁሉም ደካማው ነው። ሰውየው በእርግጥ የማሰብ ዐቅም ከሌለው ሊወቀስ አይገባም፤ ዐቅሙ ካለውና ካልተጠቀመበት ደግሞ ደደብ አይደለም፣ ቸልተኛ ነው። አንድን ባለሥልጣን ወይም ሥራ አስኪያጅ በመጥፎ ውሳኔው «ደደብ» የሚለው ተቺ ንዴቱን ይወጣ ይሆናል፤ ተጠያቂነቱን ግን ሳያውቅ ያቀልለታል። «መረጃው በእጁ እያለ ሳያየው ፈረመ» የሚለው አረፍተ ነገር ድምፁ ዝቅ ያለ ይመስላል፣ ክብደቱ ግን ብዙ እጥፍ ነው።

የተታለሉ ሰዎች ታሪክም «ሞኞች ብቻ ናቸው የሚታለሉት» የሚለውን አይደግፍም። «ፖንዚ» የሚባለው የማጭበርበር ዘዴ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1920 በቦስተን ከተማ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ ቃል ይገባ ከነበረው ከቻርልስ ፖንዚ ነው፤ ዘዴው ለቀደሙት የሚከፈለውን «ትርፍ» በኋላ ከሚገቡ አዲስ ሰዎች ገንዘብ መውሰድ ነው። በዚሁ ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተያዘውና በዓመቱ 150 ዓመት እስራት የተፈረደበት አሜሪካዊው በርናርድ ማዶፍ ካታለላቸው መካከል ባንኮችና በባለሙያ የሚተዳደሩ የበጎ አድራጎት ተቋማት ይገኙበታል። ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1720 በእንግሊዙ የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን ውድቀት ገንዘባቸውን ካጡት አንዱ ታላቁ የሳይንስ ሊቅ አይዛክ ኒውተን ነበር። እነዚህን ሰዎች ሞኝ ብሎ ማለፍ ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ የመረዳት ዕድልን ይዘጋል፤ ዘዴው የሚሠራው በሚታመን ሰው ስም፣ በመጀመሪያዎቹ ተከፋዮች ምስክርነትና «ሳይቀድመኝ» በሚል ጥድፊያ ነው።

ከሕክምና ወደ ስድብ

በእንግሊዝኛው በኩል የመጣው «ኢዲየት» ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን፣ መነሻው በሕዝብ ጉዳይ የማይሳተፍን ተራ ሰው የሚገልጽ ነበር። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ግን ሐኪሞች የአእምሮ ዕድገት መለኪያ አደረጉት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄንሪ ጎዳርድ እ.ኤ.አ. በ1910 «ሞሮን» የሚል ቃል ፈጥሮ ከ«ኢዲየት» እና ከ«ኢምቤሲል» በላይ ላለው ደረጃ ሰጠው። ሦስቱም የምርመራ ስሞች ነበሩ፤ ሦስቱም ዛሬ ስድብ ናቸው። በቦታቸው የተተካው «ሪታርዴሽን» የሚለው ቃልም በተራው ስድብ ስለሆነ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 እንደገና ቀይሮታል። አማርኛም ይህን መንገድ ይዟል፤ «የአእምሮ ዘገምተኛ» የሚለው መጠሪያ ወደ መስደቢያ ሲያዘነብል «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት» የሚለው ተተካ።

ሰሞኑን በስድብነት የሚያገለግለው ሌላ የምርምር ስም «ደኒንግ ክሩገር» ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ደኒንግና ጀስቲን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በፈተና ከዝቅተኛው ሩብ የተመደቡ ተሳታፊዎች በአማካይ ከመቶ ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጡ ሆነው ሳሉ 62ቱን እንደሚበልጡ ገምተዋል። በአደባባይ ይህ «ደደብ ደደብነቱን አያውቅም» ወደሚል ተጠቃሏል። ጥናቱ ግን የተናገረው በአንድ ሙያ ስላለ ክህሎት ነው፤ ማንም ሰው በማያውቀው ሙያ ውስጥ ሊገባበት የሚችል ወጥመድ ነው። ውጤቱ በከፊል ከስሌት የመጣ ነው ብለው የሚከራከሩ ተመራማሪዎችም አሉ።

ይቅሩ ወይስ ይቆዩ?

አንዱ ወገን እነዚህ ቃላት ከአደባባይ መጥፋት አለባቸው ይላል፤ ያዋርዳሉ፣ ክርክርን ይዘጋሉ፣ የአእምሮ ወይም የጆሮ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ለሌላው መስደቢያ ያደርጋሉ። «ደንቆሮ»ንና «ዘገምተኛ»ን በተመለከተ ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ በስድቡ የሚጎዳው በቦታው የሌለና ምንም ያላጠፋ ሰው ነውና። ሌላው ወገን ደግሞ ማኅበረሰብ ሞኝነትን ሞኝነት ካላለ ልጆቹን በምን ይመክራል ብሎ ይጠይቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፣ «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» የሚሉት አባባሎች አንድን ሰው ሳይጠሩ ብዙዎችን ገሥጸዋል። ይህም እውነት ነው፤ ግን ልብ ሊባል የሚገባው እነዚህ አባባሎች የሚተቹት ድርጊቱን፣ ጥድፊያውንና ያንኑ መደጋገሙን መሆኑ ነው። ምሳሌው ለጉባኤው ሁሉ ሲነገር ምክር ነው፤ ጣት ተቀስሮ ለአንድ ሰው ሲነገር ስድብ ይሆናል። ቃላቱን ከመሰረዝ ይልቅ ችኩሉን ችኩል፣ ተላላውን ተላላ፣ ቸልተኛውን ቸልተኛ ማለት ሁለቱንም ወገን ያቀራርባል የሚል እምነት አለኝ፤ ሁሉንም «ሞኝ» በሚል አንድ ከረጢት መክተት ግን ለማንም አይበጅም።

ቃሉ ከችሎት በፊት

የዚህ ሁሉ ተግባራዊ ውጤት ጎልቶ የሚታየው የተታለለ ሰው መብቱን ሊጠይቅ ሲነሣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1710 ላይ፣ ውለታው ከሕሊና ጋር የሚጋጭ ሆኖ ሲገኝና የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግረኛነቱን፣ የአስተሳሰቡን ገርነት፣ እርጅናውን ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማነሱን በመጠቀም ከሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። በአደባባይ ወሬ ለመሳለቅ የሚያገለግለው ገርነት እዚህ የመከላከያ ምክንያት ነው፤ ሕጉ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር የቆረጠውን ሰው ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ በዚህ በር ለመግባት ተጎጂው መታለሉን በቤተ ሰብ፣ በጎረቤትና በዳኛ ፊት በራሱ አንደበት መናገር አለበት። «ሞኝ» መባል የሚያስፈራው ሰው፣ በተለይ ደግሞ በሥራውና በዕድሜው የተከበረ ሰው፣ የጠፋውን ገንዘብ ከምስጢሩ ጋር ቀብሮ መቀመጥን ይመርጣል። አጭበርባሪው ይህን አስቀድሞ ያሰላዋል። በዝምታው ምክንያት ያው ዘዴ ለሚቀጥለው ሰው ሳይታወቅ ይደርሳል፤ ያ ሰው ሲታለል ደግሞ «ስንት ሰው ሲታለል እያየ!» ይባላል፤ አስቀድሞ የተታለሉት ግን አልተናገሩምና እርሱ ያየው አንድም ሰው የለም።